ዳፍኒያ፣ ሞይና፣ ሮቲፈር ወይስ አርቴሚያ? ለሙቀት ሙከራ የሚሆነውን እንስሳና መሣሪያ መምረጥ

የሙቀት መጠን ሲጨምር እንደ ዳፍኒያ፣ ሞይና፣ ሮቲፈርና አርቴሚያ ያሉ በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ቁጥር ምን ይሆናል? ለመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ይህን ጥያቄ የሚመርጥ ብዙ ነው። ሳፋ፣ ማሞቂያ፣ ቴርሞሜትርና አንድ ጆግ የኩሬ ውሃ ይበቃል ተብሎ ይጀመራል። በሦስተኛው ሳምንት በጣም በሞቀው ሳፋ ውስጥ ያሉት እንስሳት አልቀው ይገኛሉ። ሙቀቱ ይግደላቸው፣ ኦክስጅን ይነስባቸው፣ ለምግብ የተሰጣቸው እርሾ ይበላሽ ወይስ ሌሊት መብራት ይጥፋ፣ መለየት አይቻልም።

መወሰን ያለባቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ የትኛው እንስሳ፣ ሙቀቱ በምን ይያዛል፣ ሳፋውና በውስጡ የሚቀመጠው፣ እንስሳቱ የሚኖሩበት ብልቃጥ እንዴት ይደራጃል። ብዙ ሰው ጊዜውን የሚጨርሰው በመጀመሪያው ላይ ነው። ሙከራውን የሚያድነውም የሚጥለውም ግን ሦስተኛው ነው።

መመዘኛዎቹ

እንስሳ ከመመረጡ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ጊዜ። "ብዛት" ሲባል እንስሳው ተወልዶ፣ አድጎ፣ ወልዶ፣ ግልገሉም ደግሞ ሲወልድ የሚታይ ቁጥር ነው። ስለዚህ በጣም ቀዝቃዛ በሆነው ሳፋ ውስጥ እንኳ ቢያንስ ሁለት ትውልድ የሚያይ ጊዜ ያስፈልጋል። የዳፍኒያን የልብ ምት መቁጠር ጥሩ የክፍል ሥራ ነው፤ ስለ ብዛት ግን አይናገርም።

ሁለተኛ፣ አቆጣጠር። በዓይን፣ በአጉሊ መነጽር ወይስ በማይክሮስኮፕ? አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ብልቃጥ ቆጥሮ መጨረስ ካልቻለ ዕቅዱ መቀነስ አለበት።

ሦስተኛ፣ ዘር። ሁሉም ብልቃጦች ከአንዲት እናት በመነጩ እንስሳት ቢጀመሩ የዘር ልዩነት ከሙቀቱ ጋር አይደባለቅም። ያለ ወንድ የሚራቡ እንስሳት እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አላቸው።

አራተኛ፣ የክፍሉ አየር። ማሞቂያ ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። ስለዚህ የመጨረሻው ዝቅተኛ ሙቀት ክፍሉ በቀን ከሚደርስበት ከፍተኛ ሙቀት ቢያንስ 2 ዲግሪ መብለጥ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ክፍል በቀን 20 ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ ከ22 ዲግሪ በታች በማሞቂያ ብቻ አይያዝም። ድሬዳዋና ጋምቤላ ደግሞ ያለ ማቀዝቀዣ ብዙም መንቀሳቀሻ የለም። ይህ መመዘኛ ብቻውን የእንስሳ ምርጫን ሲቀይር ይታያል።

እንስሳቱ አንድ በአንድ

*ዳፍኒያ።* ጽሑፍ የሞላለት ይህኛው ነው። ዳፍኒያ ማግና እስከ 5 ሚሊሜትር ያድጋል፣ በዓይን ይቆጠራል፣ በደህና ጊዜ ያለ ወንድ ይራባል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመርዛማነት ፍተሻ የሚያገለግለው የ21 ቀን የርቢ ፈተና የሚሠራው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ውሃ፣ ዕድሜያቸው ከ24 ሰዓት ባልበለጠ ግልገሎች ነው። ከኩሬ የምትቀዱት ግን ሌላ የዳፍኒያ ዝርያ ሊሆን ስለሚችል መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ።

ችግሩ የሚመቸው ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ነው። በማሞቂያ ብቻ የሚሠራ ሰው ከ22 ወደ ላይ ስለሚለካ የሚያየው ቁልቁለቱን ብቻ ነው። ብዛቱ ከብርድ ወደ ሙቀት ሲወጣ፣ ጫፍ ሲደርስና ሲወድቅ ለማየት 14 እና 17 ዲግሪ የሚይዝ ማቀዝቀዣ ያለው መሣሪያ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛው ብልቃጥ ውስጥ ርቢው ዝግ ይላል። ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ ዳፍኒያን ለዚህ ሥራ አትምረጡ።

*ሞይና።* የዳፍኒያ የቅርብ ዘመድ ናት፤ መጠኗ የጤፍ ፍሬ ያህል ነው። ከ24 እስከ 31 ዲግሪ ይመቻታል፣ በ26 ዲግሪ ከ4 እስከ 5 ቀን ውስጥ ለመውለድ ትደርሳለች፣ በደህና ምግብ በየሁለት ቀኑ ገደማ ትወልዳለች። 22፣ 25፣ 28፣ 31 እና 34 ዲግሪ ላይ የተቀመጡ አምስት ሳፋዎች መውጫውንም መውረጃውንም ያሳያሉ፤ አምስቱም በማሞቂያ ብቻ ይያዛሉ። ኦክስጅን ያነሰው ውሃም ከዳፍኒያ የተሻለ ትችላለች።

የምትገኘው ዓሣ በሌለበት ኩሬ፣ ከክረምት በኋላ በሚቀር ረግረግና ከብት በሚጠጣበት አረንጓዴ ውሃ ነው። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ደርቆ ከሆነ ከላይኛው አፈር ሁለት ማንኪያ ወስዶ ክሎሪን በሌለው ውሃ መዘፍዘፍም ይቻላል። ደረቁን ወቅት የሚሻገሩት እንቁላሎች አፈሩ ውስጥ ስላሉ በቀናት ውስጥ ሊፈለፈሉ ይችላሉ። ከተፈለፈሉት አንዲቷን ብቻ ለይታችሁ አርቡ።

*ሮቲፈር።* ብራኪዮነስ ካሊሲፍሎረስ የሚባለው የጨዋማ ያልሆነ ውሃ ሮቲፈር ከሚሊሜትር ሩብ እምብዛም አይበልጥም። በ25 ዲግሪ በደህና ምግብ ቁጥሩ በአንድ ቀን ገደማ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል ሙሉው ሙከራ በ8 ወይም 10 ቀን ያልቃል። ማይክሮስኮፕ፣ 1 ሚሊሊትር የሚይዝ የመቁጠሪያ ስላይድና እንስሳቱን ገድሎ ለቆጠራ የሚያቆይ የሉጎል አዮዲን ያስፈልጋል። አዮዲን የገባበት ናሙና ወደ ብልቃጡ አይመለስም፤ ስለዚህ ከ100 ሚሊሊትር ባህል (እንስሳቱ የሚረቡበት ውሃ) በየቀኑ 1 ሚሊሊትር ከወሰዳችሁ የወጣውን በአዲስ ውሃ ተኩና በስሌቱ አስገቡት። እርሾ ብቻውን እዚህ አያዛልቅም፤ ክሎሬላ የሚባለውን አልጌ ማርባት ግድ ይላል፣ ያም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

*አርቴሚያ።* በጨው ውሃ የምትኖር ናት። ደረቅ እንቁላሏ ለዓሣ ጫጩት መኖ ተብሎ ይሸጣል፣ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። በሊትር ከ25 እስከ 35 ግራም አዮዲን የሌለው ጨው፣ ትንሽ የቤኪንግ ሶዳ፣ ብርሃንና ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ካገኘ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ መፈልፈል ይጀምራል። ለሁለት ቀን የክፍል ሙከራ ከዚህ የተሻለ የለም። አንድ ግራም ውስጥ ከ200,000 በላይ እንቁላል ስላለ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አያዋጣም፤ በአጉሊ መነጽር 100 እንቁላል ለየብቻ ቆጥሮ በየብልቃጡ መጨመር ነው። ግን የተለካው የመፈልፈል መጠን ነው። ርዕሱ ላይ "የእንስሳቱ ብዛት" ተብሎ ከተጻፈ ፈታኙ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ይሆናል። ብዛት ለማየት አሳድጎ ማስወለድ ይጠይቃል፣ ያም ከወር ያላነሰ ጊዜ ነው።

ሳይክሎፕስ፣ የወባ ትንኝ እጭና ቀንድ አውጣ ብዙ ጊዜ ይነሳሉ። ሳይክሎፕስ በወንድና በሴት ስለሚራባ፣ አሥራ ሁለት የዕድገት ደረጃም ስላለው ቆጠራው ይከብዳል። የትንኝ እጭ አድጎ ይበራል፤ ብልቃጥ ውስጥ ትውልድ አይቀጥልም። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ሊሆን ስለሚችል ጨርሶ ተዉት።

ሙቀቱ በምን ይያዝ?

ከፍታን እንደ ሙቀት መለያ መጠቀም የሚያጓጓ ሐሳብ ነው፦ አንዱን ባህል አዲስ አበባ፣ ሌላውን አዋሽ ማስቀመጥ። አይሆንም። በ2,350 ሜትር ገደማ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 20 ዲግሪ ያለው ውሃ በባሕር ጠለል በሊትር ወደ 9.1 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ አዲስ አበባ ላይ የሚይዘው ወደ 6.8 ነው። ሁለቱ ከተሞች በሙቀት ብቻ ሳይሆን በኦክስጅንም ይለያያሉ፤ ውጤቱን የትኛው እንዳመጣው አይታወቅም።

ኢንኩቤተር፣ ማለትም ሙቀትን በአንድ ደረጃ የሚይዝ ሣጥን፣ ጥሩ ስም አለው፣ ግን ሁለት ነገር ይመርመር። ማቀዝቀዣ የሌለው ኢንኩቤተር ከክፍሉ ሙቀት ጥቂት ዲግሪ በላይ ካልሆነ በትክክል አይሠራም። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የገባው መብራትም ራሱ ያሞቃል።

በውሃ የተሞላ ሳፋና የዓሣ ገንዳ ማሞቂያ ከኢንኩቤተር ያነሰ ይመስላል። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ግን ይበልጣል። 40 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለመለወጥ 167 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ ባለ 100 ዋት ማሞቂያ ብክነት ሳይታሰብ 28 ደቂቃ ይፈጅበታል። ይህን ያህል ሙቀት ያቆረ ውሃ መብራት ሲጠፋ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ፍሪጅ ሲገዛ በሚታሸግበት ነጭ ፎም ዙሪያውንና ክዳኑን ከሸፈናችሁት ደግሞ የተሻለ ይይዛል። በአየር ብቻ የተከበበ 200 ሚሊሊትር ብልቃጥ ግን የኢንኩቤተሩ በር ሁለት ጊዜ ሲከፈት እንኳ ይሰማዋል።

ሳፋው የሚፈልገው እነዚህን ነው፦ 100 ዋት ማሞቂያ፣ ውሃውን የሚያዘዋውር ትንሽ ፓምፕ፣ ከማሞቂያው የተለየ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ባለ ዲጂታል ቴርሞስታት፣ ክዳን። ማሞቂያው ላይ ያለው መደወያ 1 ወይም 2 ዲግሪ ሊስት ስለሚችል አትመኑት። ፓምፕ ከሌለ ላዩ ሞቆ ታቹ ይቀዘቅዛል። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ውሃ ከሳፋው ውሃ ከፍ ብሎ መታየት የለበትም። ሙቀት የሚለካው ደግሞ ሳፋው ውስጥ ሳይሆን እንስሳ በሌለበት አንድ ተጨማሪ ብልቃጥ ውስጥ ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓትና ማታ 3 ሰዓት ላይ ይመዝገብ። የሳፋው ውሃ ተንኖ ማሞቂያው ብቅ ካለ ብርጭቆው ይሰነጠቃል፤ እጅ ከመግባቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል፣ ገመዱም ውሃ ወደ ሶኬቱ ተከትሎት እንዳይሄድ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል።

አደረጃጀት፦ አንድ ሳፋ ስንት ነው?

አብዛኛው ሥራ የሚወድቀው እዚህ ነው። አንድ ሳፋ 22፣ አንድ ሳፋ 28፣ አንድ ሳፋ 34 ዲግሪ ተደርጎ በየሳፋው አሥር አሥር ብልቃጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ "ድግግሞሽ 10" ተብሎ ይጻፋል። ድግግሞሹ ግን 1 ነው። አሥሩ ብልቃጦች የሚጋሩት አንድ ማሞቂያ፣ አንድ ፓምፕ፣ አንድ የመስኮት ብርሃን ነው። የ34ቱ ሳፋ መስኮት አጠገብ ከነበረ አሥሩም አብረው ተጎድተዋል። ስቱዋርት ኸርልበርት እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን ስሕተት ስዩዶሪፕሊኬሽን (ሐሰተኛ ድግግሞሽ) ብሎ ሰይሞታል፤ እስከ ዛሬ የሥነ ምኅዳር ጽሑፎች ከሚመለሱባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። ገንዘብ ያለው በየሙቀቱ ሦስት ሳፋ ያቆማል። ሳፋው ስምንት ብቻ የሆነ ሰው አራት ሙቀት በሁለት በሁለት ከሚያደርግ ይልቅ ስምንት የተለያየ ሙቀት ይዞ በነጥቦቹ ላይ ኩርባ ቢያሳልፍ የተሻለ መረጃ ያገኛል፤ የሙቀት ውጤት ቀጥ ያለ መስመር ስላልሆነ ብዙ ነጥብ ይፈልጋል። ሦስት ሙቀት ብቻ መያዝ ደግሞ አሳሳች ነው፣ ጫፉ በሁለቱ መካከል ሊያልፍ ይችላል።

አምስት ሳፋ ላለው ግን በጊዜ መደጋገም ይሻላል። ሙከራውን ሦስት ዙር ሥሩት። በየዙሩ የትኛው ሳፋ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን በዕጣ ይውጣ። በየሳፋው አራት ብልቃጥ ይኑር፤ የአራቱ አማካይ እንደ አንድ ቁጥር ይያዝ። በመጨረሻ 15 ነጻ ቁጥሮች ይኖራሉ፣ ዙሩም በትንተናው እንደ ብሎክ፣ ማለትም ራሱን እንደቻለ ምድብ፣ ይገባል። ለሞይና አንድ ዙር 12 ቀን ቢሆን ሦስቱ በ36 ቀን ያልቃሉ።

የአንድ ዙር አሠራር ይህን ይመስላል። እናቶቹ ዙሩ ከመጀመሩ በፊት በሚሞከሩበት ሙቀት ውስጥ ሁለት ትውልድ ይቆዩ፤ ወደዚያ ሙቀት ሲወሰዱ በቀን ከ2 ዲግሪ በላይ አትቀይሩ። 250 ሚሊሊትር በሚይዝ ብልቃጥ 200 ሚሊሊትር ውሃ አድርጋችሁ ዕድሜያቸው ከ24 ሰዓት ያልበለጠ 5 ግልገል አስገቡ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ በሰፊ ሳፋ 48 ሰዓት ይቀመጥ። የታሸገ ውሃ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ካልሲየሙ ይነበብ፤ በጣም ለስላሳ ውሃ ውስጥ ቅርፊታቸው አይጠነክርም። የመዳብ ወይም የነሐስ ክፍል ያለው ነገር ውሃው ውስጥ አይግባ፤ እጅግ ትንሽ መዳብ ይገድላቸዋል።

ለምግብ 0.1 ግራም ደረቅ እርሾ በ100 ሚሊሊትር ውሃ በጥብጡና ለየብልቃጡ በቀን 1 ሚሊሊትር ከጥቂት ጠብታ አረንጓዴ ውሃ ጋር ስጡ። ውሃው በ24 ሰዓት ካልጠራ ምግቡ በዝቷል። በየሁለት ቀኑ ብልቃጡን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡና አፉ እስከ 3 ሚሊሜትር በተቆረጠ የፕላስቲክ ፒፔት አንድ በአንድ እየቆጠራችሁ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ፣ አስቀድሞ በዚያው ሙቀት የተያዘ ውሃ ወዳለበት ብልቃጥ አዛውሩ። ፒፔቱ የሚለቀቀው ከውሃው ሥር ነው፤ አየር ከነካቸው ቅርፊታቸው ሥር አረፋ ገብቶ ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ከዚያ አይመለሱም።

የዕድገት መጠን የሚሰላው የመጨረሻውን ቁጥር ለመነሻው አካፍሎ፣ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙን ወስዶ ለቀናቱ በማካፈል ነው። ከ10 ተነሥቶ በ10 ቀን 74 የደረሰ ብልቃጥ በቀን 0.20 አድጓል፣ በ3 ቀን ተኩል ገደማ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ይህ የሚሠራው ገና ሳይጣበቡ ነው።

ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልከቱ። ጤናማ ሞይና እየዘለለች ትንቀሳቀሳለች፣ በጀርባዋ ከረጢት ውስጥ እንቁላሎቹ ወይም ጥቁር ዓይን ያወጡ ግልገሎች ይታያሉ። በሞቀው ሳፋ ያሉት ወደ ቀይ ሮዝ ከተለወጡ ሄሞግሎቢን እያበዙ ነው፤ ኦክስጅን አጥሯቸዋል። ያኔ የምትለኩት ሙቀትን ብቻ አይደለም። ምግቡን ቀንሱ፣ ወይም በሁሉም ሳፋ እኩል ዝግ ያለ አየር አስገቡ። በጀርባቸው እንቁላል ፋንታ ጥቁር ኮርቻ የመሰለ ነገር ከያዙ ደግሞ ተጨናንቀዋል፣ ደረቁን ዘመን የሚሻገር እንቁላል እየሠሩ ነው። ቆጠራው እዚያ ይቁም።

ትነትም ይጠበቅ። 34 ዲግሪ ላይ ያለው ብልቃጥ ከ22ቱ በብዙ ይጎድላል፣ በውስጡ ያለው ማዕድንም ይወፍራል። ደረጃውን በማርከር አስምሩበትና የጎደለውን ማዕድን በሌለው (ዲስቲልድ) ውሃ ሙሉ፤ የባህሉን ውሃ ከጨመራችሁ ጨው እየተደራረበ ይሄዳል።

በአንድ ላይ ሲታይ

| እንስሳ | የሚሞከርበት ሙቀት | የአንድ ዙር ጊዜ | መቁጠሪያ | ማቀዝቀዣ | ዋና ችግር |
|---|---|---|---|---|---|
| ዳፍኒያ | 14–28 ዲግሪ | 21–30 ቀን | ዓይን፣ ነጭ ሳህን | ያስፈልጋል | በቀዝቃዛው ይዘገያል |
| ሞይና | 22–34 ዲግሪ | 12 ቀን ገደማ | ዓይንና አጉሊ መነጽር | አያስፈልግም | ቶሎ ትጨናነቃለች |
| ሮቲፈር | 16–32 ዲግሪ | 8–10 ቀን | ማይክሮስኮፕ | ለዝቅተኛው ብቻ | አልጌ ማርባት ግድ ነው |
| አርቴሚያ፣ መፈልፈል | 20–34 ዲግሪ | 2 ቀን | አጉሊ መነጽር | አያስፈልግም | ብዛትን አይለካም |

ማን ምን ይምረጥ?

ሁለት ሳምንት ብቻ ያለው የትምህርት ቤት ቡድን አርቴሚያን ይውሰድ፤ ርዕሱንም "የሙቀት መጠን በአርቴሚያ እንቁላል መፈልፈል ላይ" ብሎ ይቀይር። በ12፣ 24፣ 36 እና 48 ሰዓት የተፈለፈሉትን መቁጠር ይበቃል። ከ33 ዲግሪ በላይ የእንቁላሉ እንቅስቃሴ ስለሚቆም አንዱ ብልቃጥ እዚያ ይሁን።

ለመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያ፣ አንድ ክፍልና ውስን ገንዘብ ላለው፣ ሞይናን በአምስት ሳፋና በሦስት ዙር ነው የምንመክረው። ገንዘቡ ከጎደለ ከማሞቂያው ዋጋ ሳይሆን ከብልቃጡ ቁጥር ይቀነስ፤ በሳፋ ሁለት ብልቃጥ በሦስት ዙር፣ በሳፋ አሥር ብልቃጥ በአንድ ዙር ከሚደረገው ይበልጣል።

ማይክሮስኮፕና የአልጌ ባህል ያለው ቤተ ሙከራ፣ ጊዜውም ካጠረ፣ ሮቲፈርን ይምረጥ። ማቀዝቀዣ ያላቸው ኢንኩቤተሮች ያሉትና የስድስት ወር ጊዜ የተሰጠው የማስተርስ ተማሪ ደግሞ ዳፍኒያን መያዙ ተገቢ ነው፣ የሚያነጻጽርበት ጽሑፍ ሞልቷልና። ኢንኩቤተሮቹም ቢሆኑ በየዙሩ ሙቀታቸው በዕጣ ይለዋወጥ፤ የሳፋው ሕግ እነሱንም ይመለከታል።

ናሙና ለመቅዳት ጣና፣ ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ዳርቻ የሚሄድ ሰው በባዶ እግሩ አይግባ። ቢልሃርዚያ አለ፤ ቦቲና ጓንት ይደረግ፣ መረቡም ከዳር ይወርወር። ሙከራው ሲያልቅ የባህሉ ውሃ ፈልቶ ከውሃ መውረጃ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ይደፋ። ከውጭ የመጣ የአርቴሚያም ሆነ የዳፍኒያ እንቁላል ቦይ ወይም ሐይቅ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ።